የጅማን ቡና በቤት አፍልቶ ጣዕሙን መለየት

በጅማ ገበያ ቡና ሲገዙ በቅድሚያ አዘገጃጀቱን ይጠይቁ፤ በጀንፈልነቱ (ከነገለባው) ደርቆ የተፈለፈለው ከበድ ያለ ጣዕም ሲኖረው፣ እሸቱ ተፈልፍሎ የታጠበው የሊሙ (በጅማ ዞን ያለ አካባቢ) ቡና ግን ጠራና ኮምጠጥ ይላል። ጥቁርና የተነቀዘ ፍሬ ለቅመው ያውጡ። ቡናውን አጥበው ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቁሉት፤ መንጣጣት ከጀመረና ገለፈቱ ከረገፈ በኋላ፣ ዘይቱ ወጥቶ ፊቱን ሳያብለጨልጨው ማውረድ ይበጃል፤ ብዙዎች እስኪጠቁር ይቆሉታል፣ ያን ጊዜ ግን የሚቀመሰው ቡናው ሳይሆን ማረሩ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ገደማ የተወቀጠ ቡና በጀበና ጨምረው፣ እንዳይገነፍል እየጠበቁ ካፈሉ በኋላ፣ አተላው እስኪሰክን በማቶቱ ላይ ዘንበል አድርገው ያሳርፉት። አቦሉን ያለ ስኳር፣ መጀመሪያ በትኩሱ፣ ቀጥሎም በረድ ሲል ይቅመሱት፤ ትኩሳቱ የሸፈነው ኮምጣጣነትና ጣፋጭነት ጎልቶ የሚለየው ያኔ ነው። ጤና አዳም የሚወዱ ከቶናው ጀምረው ይጨምሩ።