የፋብሪካ ጭስ ገደቡን ማለፍ አለማለፉን በትክክል ለመለካት

ፋብሪካ ድረስ ሄዶ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ወጥቶ፣ መሣሪያ ከትቶ ቁጥር ይዞ መመለስ ይቻላል። ቁጥሩ እውነት ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሪፖርቱ አንዴ ከተፈረመ ተመልሶ የሚመረምረው ብዙም የለም፣ እዚያው ሰፈር የሚኖረው ሰው ግን ያንኑ አየር ቀን ከሌት ይተነፍሳል። እንደ እኔ እምነት ውጤት የሚበላሸው በአብዛኛው ፕሮቡ (ናሙናውን የሚስበው ቱቦ) ቧንቧው ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የፋብሪካውን ፈቃድ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ገደቡ 50 ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር ይላል እንበል። የምን ኪዩቢክ ሜትር? ብዙውን ጊዜ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ101.3 ኪሎፓስካል የተሰላ፣ እርጥበቱ የተቀነሰለት ጋዝ ነው፣ በዚያ ላይ የተወሰነ የኦክስጅን መጠን ይጠቀሳል። አማካዩስ የግማሽ ሰዓት ነው፣ የአንድ ሰዓት ወይስ የቀን? በየትኛው ዘዴ ይለካ ተባለ? በብዛት የሚሠራባቸው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘዴዎችና የአውሮፓ ኢኤን ስታንዳርዶች ናቸው። ፈቃዱ የጠቀሰውን ያዙ፤ ከዚህም ከዚያም እየቆነጠሩ መሥራት ውጤቱን ለክርክር ያጋልጠዋል።

ቀጥሎ ቦታው። ጭስ መታጠፊያ፣ ፋን ወይም ዳምፐር (የጋዙን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ በር) ባለፈ ቁጥር ይረበሻል፤ በአንድ በኩል ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል፣ ብናኙም ወደ አንድ ጎን ያደላል። የአሜሪካው ኤጀንሲ ዘዴ 1 (የመለኪያ ቦታ የሚመረጥበት) የሚፈልገው ከመጨረሻው መታጠፊያ በኋላ የቧንቧውን ዲያሜትር 8 እጥፍ፣ ከሚቀጥለው መታጠፊያ ወይም ከጭስ ማውጫው አፍ በፊት ደግሞ 2 እጥፍ ቀጥ ያለ ርቀት ነው። ዲያሜትሩ 1.5 ሜትር ለሆነ ጭስ ማውጫ 12 ሜትር ከታች፣ 3 ሜትር ከላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ካልተገኘ ከታች እስከ 2 እጥፍ፣ ከላይ እስከ ግማሽ እጥፍ ድረስ መውረድ ይፈቀዳል፣ ግን የሚለካባቸው ነጥቦች ይበዛሉ። ዲያሜትሩ ከ0.61 ሜትር በላይ ለሆነ ክብ ቧንቧ ጥሩ ቦታ ላይ 12 ነጥብ ይበቃል፤ መጥፎ ቦታ ላይ ለብናኝ እስከ 24 ይደርሳል። መሃል ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ለክቶ መውረድ አያስኬድም። የጋዙን አቅጣጫም በፒቶት ቱዩብ (የጋዝን ፍሰት በግፊት በሚለካ ቱቦ) ፈትሹ፤ ከቧንቧው መስመር በአማካይ ከ20 ዲግሪ በላይ ካዘመመ ጋዙ እየተሽከረከረ ነውና ያ ቦታ አይሆንም።

ከመውጣታችሁ በፊት መድረኩን፣ መሰላሉንና የደህንነት ቀበቶውን አረጋግጡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ደረታችሁ ላይ ይኑር። ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ከበለጠ ቀዳዳው ሲከፈት ትኩስ ጋዝ ፊት ላይ ይመጣል፣ ስለዚህ ወደ ጎን ቆማችሁ ክፈቱ። መብረቅ ካለ ውረዱ፣ ሥራው ይቆያል።

አሁን ወደ ፋብሪካው። በግማሽ ኃይል የሚሠራ ቦይለር ለክቶ አልፏል ማለት ምንም አልነገረንም። ፋብሪካው በመደበኛው ወይም ፈቃዱ ባስቀመጠው ከፍተኛ የምርት መጠን መሥራት አለበት። ከእናንተ አንድ ሰው መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥና በየ15 ደቂቃው ይመዝግብ፦ ምርቱ ስንት ነው፣ ነዳጁ ምን ያህል ገባ፣ በጨርቅ ፊልተሩ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ስንት ነው፣ ስክራበሩ (ጭሱን በውሃ የሚያጥበው ማጣሪያ) ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ስንት ነው። ያለፉትን ሳምንታት መዝገብም ጠይቁና አስተያዩት። ለወትሮው ከሰል የሚነድበት ቦታ ዛሬ የተሻለ ነዳጅ ከገባ፣ ወይም ምርቱ ሆን ተብሎ ከቀነሰ፣ መዝገቡ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ማጣሪያውን አልፎ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወስድ መስመር ካለ ዳምፐሩ መዘጋቱን በዓይናችሁ እዩ፤ በወሬ አትለፉት።

ብናኝ መለካት ከሁሉም የሚያለፋው ነው። ዋናው ሕግ፣ ጋዙ በኖዝሉ (በፕሮቡ ጫፍ ባለው መሳቢያ አፍ) የሚሳብበት ፍጥነት ጋዙ ቧንቧው ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። ቀስ ብላችሁ ከሳባችሁ ጋዙ ኖዝሉን ዞሮ ያልፋል፣ ከባዱ ብናኝ ግን መታጠፍ አይችልምና ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። በጣም ፈጥናችሁ ከሳባችሁ ደግሞ ከዳር ያለው ንጹህ ጋዝ አብሮ ይገባና ብናኙ ያነሰ ይመስላል፣ ማለትም ስህተቱ ፋብሪካውን ይጠቅማል። ብናኝ በሚለካበት የአሜሪካው ዘዴ 5 የሚፈቀደው፣ የመሳቢያው ፍጥነት ከጋዙ ፍጥነት ከ90 እስከ 110 ፐርሰንት ሲሆን ነው። ፊልተሩ ያለበት ሳጥን ውሃ እንዳይቋጥር 120 ዲግሪ አካባቢ ይሞቅ። ከዚያ በኋላ ጋዙ በበረዶ በተከበቡ ጠርሙሶችና በሲሊካ ጄል (እርጥበት በሚመጥ ንጥረ ነገር) ያልፋል፤ የክብደታቸው ጭማሪ የጋዙን እርጥበት ይነግረናል።

አንዱ የልኬት ዙር እንዳለቀ፣ ምንም ነገር ሳትፈቱ፣ መስመሩ አየር እንዳያስገባ ፈትሹ። ኖዝሉን ድፈኑ፣ ፓምፑን ክፈቱና በዙሩ ውስጥ ከታየው ከፍተኛ ቫኪዩም ላይ አድርሱት፣ ከዚያ የተሳበውን ጋዝ የሚቆጥረውን ሜትር ለአንድ ደቂቃ እዩ። በደቂቃ 0.57 ሊትር ወይም ከአማካይ የመሳቢያ መጠን 4 ፐርሰንት፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው ጣሪያው። ካለፈ ዙሩን ድገሙት ነው ምክሬ። ብናኙ ደግሞ ፊልተሩ ላይ ብቻ አይቀርም። ኖዝሉና ፕሮቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው በአሴቶንና በብሩሽ ታጥቦ፣ ተንኖ፣ መመዘን አለበት። ይህን መዝለል ትልቅ ቅነሳ ያመጣል፣ ድካሙ የሚበረታውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሰው ይቸኩላል። ምንም ያልተሳበበት ባዶ ፊልተርና ንጹህ አሴቶንም ለማነጻጸሪያ ያዙ።

ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ለናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ለካርቦን ሞኖክሳይድ አናላይዘር (ጋዙን እዚያው የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል፣ ግን ከካሊብሬሽን ጋዝ (መጠኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ የመፈተሻ ጋዝ) ጋር። የካሊብሬሽን ጋዙ መሣሪያው ላይ በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ከፕሮቡ ጀምሮ በሙሉ መስመሩ ውስጥ ይለፍ፤ ከዙሩ በፊትም በኋላም። የናሙና መስመሩ እስከ ማድረቂያው ድረስ ይሞቅ። ከቀዘቀዘ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱም ውሃው ውስጥ ይሟሟና ስክሪኑ ላይ ያማረ ቁጥር ታያላችሁ። ኦክስጅኑ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በኦክስጅን ነው። ጭሱ ውስጥ ተጨማሪ አየር በገባ ቁጥር ብክለቱ ይቀጥናል፣ ወደ ሰማይ የሚወጣው አጠቃላይ መጠን ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ገደቡ ከተወሰነ ኦክስጅን ጋር የሚጻፈው። በአውሮፓ ሕግ ለጠጣር ነዳጅ ቦይለር 6 ፐርሰንት፣ ለጋዝና ለፈሳሽ ነዳጅ ቦይለር 3 ፐርሰንት ነው። አንድ የከሰል ቦይለር ገደቡ 200 ሚሊግራም በ6 ፐርሰንት ኦክስጅን ነው እንበል። እናንተ በደረቅ ጋዝ የለካችሁት 180፣ ኦክስጅኑ ደግሞ 9 ፐርሰንት ሆነ። 180 ከ200 ያንሳልና አለፈ ልትሉ ነው። አላለፈም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 ፐርሰንት ነው፤ ከ21 ላይ 6 ስትቀንሱ 15፣ ከ21 ላይ 9 ስትቀንሱ 12፤ 180ን በ15 አባዝታችሁ ለ12 ስታካፍሉ 225 ይመጣል። ኦክስጅን ያልተለካበት የጋዝ ውጤት ከመጣላችሁ መልሱት።

በተለምዶ ሦስት ዙር ይሠራና አማካዩ ይወሰዳል። አንዱ ዙር ከፍ ስላለ ብቻ አይጣልም፤ የሚጣለው የተመዘገበ የቴክኒክ ምክንያት ሲኖር ነው። ውጤቱ ገደቡ ጫፍ ላይ ከሆነ የመለኪያው እርግጠኛ ያለመሆን መጠን እንዴት እንደሚታይ ከሥራው በፊት መስማማት ይሻላል፣ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ሁሉም ወደሚጠቅመው ያጋድላልና።

ፋብሪካው የራሱ ቋሚ መለኪያ ካለው አጠገቡ የእናንተን አቁማችሁ አስተያዩት። በአውሮፓው ኢኤን 14181 መሠረት ይህ ንጽጽር ቢያንስ በ3 ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ይደረጋል።

ሪፖርቱ ላይ ጥሬ መረጃውን፣ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬቶቹን፣ መስመሩ አየር አለማስገባቱ የተፈተሸበትን ውጤትና የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መዝገብ አባሪ አድርጉ። ያልለካችሁትንም ጻፉ። ከጣሪያ፣ ከማጓጓዣ ቀበቶና ከተከመረ ጥሬ ዕቃ የሚነሳው አቧራ በጭስ ማውጫ አይወጣም፤ ሰፈሩ የሚያማርረው በዚያ ከሆነ ሌላ ዓይነት ልኬት እንደሚያስፈልግ በግልጽ አስቀምጡት።