ከድምፅ ፈጥኖ የሚወድቅ ሰው ፍጥነት በእርሳስና በካልኩሌተር እንዴት ይሰላል?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ መንገደኛ፣ አየር ከላይ ወደ ታች እየተጠቀጠቀ እንደሚሄድ በጆሮው መደፈን ያውቀዋል። ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሰማይ ላይ ከ38,969 ሜትር ከፍታ ከባሉን ሲዘል የሆነውም ይኸው ቁልቁለት ነው፤ ልዩነቱ መነሻው እጅግ ሩቅ መሆኑ ብቻ ነው። የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 1,357.6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 377 ሜትር ሲሆን፣ ይህን ቁጥር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ በራሱ ደብተር ላይ ሊደርስበት ይችላል። የሚያስፈልጉት እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር (የስልኩም ይበቃል) እና የአየር እፍግታ (በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ያለው አየር ስንት ኪሎ ግራም እንደሆነ) በየከፍታው የተጻፈበት ሠንጠረዥ ናቸው።

ስሌቱን ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለዩ፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚያደናግሯቸው እነዚህ ናቸውና። ሰውየው በፍጥነት የሚወድቀው አየሩ ስለ ሳሳ ነው። የድምፅ ፍጥነት ግን በአየሩ መሳሳት ሳይሆን በሙቀቱ የሚወሰን ነው። የአየሩን ሙቀት በኬልቪን ይጻፉ (በሴልሺየስ ላይ 273 መደመር ነው)፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ20.05 ያባዙት። ደብረ ብርሃን በማለዳ 5 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሴኮንድ 334 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሸዋ ሮቢት በቀትር 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 349 ሜትር። በ28 ኪሎ ሜትር ከፍታ አየሩ ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ያህል ስለሆነ መልሱ 301 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ ዘላዩ ሊያልፈው የሚገባው ወሰን መሬት ላይ ካለው ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ይረዳዋል፣ ዋናው ምክንያት ግን አይደለም።

ቀጥሎ አየር ፈጽሞ እንደሌለ አድርገው ያስሉ። የመሬት ስበት በዚያ ከፍታ ጥቂት ይቀንስና ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ9.7 ሜትር በሴኮንድ ያሳድጋል። በ34 ሴኮንድ የሚወርደው ርቀት የ9.7 ግማሽ ሲባዛ በ34፣ እንደገና ሲባዛ በ34 ነው፤ 5,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። ባውምጋርትነር የድምፅን ፍጥነት ያለፈው በዚሁ 34ኛ ሴኮንድ፣ 5,500 ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ነበር። አየሩን ጨርሰን ረስተን ይህን ያህል መቅረባችን፣ እዚያ ላይ ያለው አየር ከባዶነት ብዙም እንደማይርቅ ያሳያል።

አሁን አየሩን ያስገቡ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። በደብተሩ ላይ ለጊዜ፣ ለከፍታ፣ ለእፍግታ፣ ለፍጥነትና ለአየር ተቃውሞ አምስት ዓምዶች ያስምሩ፣ ጊዜውንም በአምስት በአምስት ሴኮንድ ይከፋፍሉ። በእያንዳንዱ ረድፍ እፍግታውን በ0.65፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በፍጥነቱ አባዝተው በ240 ያካፍሉ። 240 የመጣው ሰውየው ከነልብሱና ከነዕቃው 120 ኪሎ ነው ብለን ክብደቱን በሁለት ስላባዛነው ነው፤ 0.65 ደግሞ የአካሉን ስፋትና ቅርጽ የሚወክል፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝላይ እንዲገጥም የመረጥኩት ቁጥር ነው። ለምሳሌ በ30ኛው ሴኮንድ ፍጥነቱ 285፣ እፍግታው በሜትር ኪዩብ 0.009 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ተቃውሞው 2 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በሚቀጥሉት አምስት ሴኮንዶች ፍጥነቱ በየሴኮንዱ የሚጨምረው በ9.7 ሳይሆን በ7.7 ነው። አዲሱን ፍጥነትና ከፍታ ይጻፉ፣ እፍግታውን ከሠንጠረዡ እንደገና ይፈልጉ፣ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይለፉ። እፍግታው በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቁልቁለት ከእጥፍ በላይ ስለሚያድግ እሱን ሳያድሱ መቀጠል ስሌቱን ያበላሻል። ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር ማስገባት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ተቃውሞው በ13 እጥፍ ይጋነንና ሰውየው ወደ ላይ ይወድቃል። ይህን ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ የመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ረድፎቹ እየወረዱ ሲሄዱ ተቃውሞው ስበቱን የሚያክልበት ቦታ ይደርሳሉ፤ ከፍተኛው ፍጥነት ያለው እዚያ ነው። ለማረጋገጥ በ28 ኪሎ ሜትር ያለውን እፍግታ 0.0251 ወስደው፣ 240 ሲባዛ በ9.72 ያለውን በእፍግታውና በ0.65 ብዜት አካፍለው ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። 378 ያገኛሉ። ባውምጋርትነር ከፍተኛውን ፍጥነት የያዘው በ50ኛው ሴኮንድ፣ በ27,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ በዚያች ቅጽበት አየሩ የሚገፋው በራሱ ክብደት ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ከተለመደው ዝላይ የበለጠ ግፊት አላረፈበትም። እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ይቃጠል ነበር የሚሉም አሉ። በፊቱ ተጨፍልቆ የሚሞቀው አየር በዚህ ፍጥነት ቢሰላ 23 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሸዋ ሮቢት ቀትር ይበልጠዋል። የሚያስፈራው ሙቀቱ ሳይሆን የአየሩ ግፊት ማነስ ነው፤ ግፊት የሚጠብቅ ልብስ ካልለበሰ የሰውነት ፈሳሽ በዚያ ከፍታ ይተናል።

የስሌቱን መሠረት በእጅ መፈተን የሚሻ ሰው፣ ቆሎ እንደሚሸጥባቸው ያሉ አምስት እኩል የወረቀት ጥቅልሎች ይሥራና አራቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ ይሰካ። አፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ አራቱን ከሁለት ሜትር፣ ነጠላውን ከአንድ ሜትር ከፍታ እኩል ቢለቃቸው፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል አብረው ሊባል በሚችል ሁኔታ መሬት ይደርሳሉ። ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን የመውደቂያ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናልና።

ከፍ ብሎ መዝለል ብቻውን የበለጠ ፍጥነትን አያረጋግጥም። አሜሪካዊው አለን ዩስታስ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ከ41,419 ሜትር ቢዘልም፣ እንዳይሽከረከር የሚያግዝ ትንሽ ዣንጥላ ከኋላው ይጎተት ስለነበር ከ1,323 ኪሎ ሜትር በሰዓት አላለፈም። በእኛ ስሌት ይህ ማለት 0.65ን ከፍ ማድረግ ነው፤ 0.8 አድርገው ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው ቢደግሙት ልዩነቱን ያዩታል።

ከዚያ በታች ያለው በፍጥነት የሚያልፍ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ተቃውሞና ስበት የሚመጣጠኑበት ፍጥነት ወደ 201 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ፣ ወደ 62፤ በባሕር ወለል ደግሞ ወደ 54። ዣንጥላም ለዚሁ ሕግ ይገዛልና፣ ደጋ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ዘላይ በዚያው ዣንጥላ ባሕር ዳርቻ ከሚያርፈው በ15 በመቶ ፈጥኖ መሬት ይነካል።