የዘር ውርስን በሁለት ሳንቲም

አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ያጠናው የሜንዴል 3 ለ 1 ጥምርታ ላልገባችሁ ተማሪዎች፦ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ያዙ። አንዱ የእናት፣ ሌላው የአባት አተር ይሁን፤ ሁለቱም ድቅል ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ የክብና አንድ የተጨማደደ ፍሬ ጂን (ባሕርይን የሚወስን የውርስ ቅንጣት) ይዘዋል። አንበሳው የክብ ፍሬ ገዢ ጂን፣ ጀርባው የተጨማደደው ድብቅ ጂን ነው። አብራችሁ ወርውሯቸው። በአንዱ እንኳ አንበሳ ከታየ ፍሬው ክብ ነው፤ የሚጨማደደው ሁለቱም ጀርባ ሲሆኑ ብቻ ነው። እኩል ዕድል ካላቸው አራት ውጤቶች ሦስቱ ክብ፣ አንዱ የተጨማደደ ይሰጣል፤ 3 ለ 1 ማለት ይህ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ከ4 ልጆች አንዱ የግድ ድብቁን ባሕርይ ያሳያል» ብለው ነው። እያንዳንዱ ልጅ ግን አዲስ ውርወራ ነው። በ4 ውርወራ አንድም የተጨማደደ ላይመጣ ይችላል፤ ታናሽ እህቴን ሳስጠናት የገባት ይህን በዓይኗ ስታይ ነው። ስለዚህ 100 ጊዜ ወርውራችሁ በደብተር መዝግቡ። ሜንዴል ራሱ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደዱ ፍሬዎች ቆጥሮ ያገኘው 2.96 ለ 1 ነበር።