ስስ ወረቀትን በስታርች አጠንክሮ ለኦሪጋሚ ማዘጋጀት

በኦሪጋሚ (ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ በሚሠሩበት ጥበብ) ብዙ እግርና ቀንድ ያለው ነፍሳት ለማጠፍ የስጦታ መጠቅለያ ስስ ወረቀት ይመረጣል፤ ደጋግሞ ቢደራረብም አይወፍርም። ችግሩ ልፍስፍስነቱ ነው፤ ያጠፉት መስመር ተመልሶ ይከፈታል። ስታርች ሲጠጣ ግን እጥፋቱን ይይዛል። ዳንቴል ስታርች የሚደረግበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች (8 ግራም ገደማ) በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። ሩብ ሊትር ውሃ ያፍሉና ብጥብጡን እያማሰሉ ይጨምሩበት፤ በቀስታ እሳት ሦስት ደቂቃ ያህል ይብሰል። ወተት የመሰለው ቀለም ጠፍቶ ሲጠራ ደርሷል። ከአጥሚት የቀጠነ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ስታርች ከዚያ በታች ስለሚበስል አያሳስብም። ፉርኖ ዱቄትም ይሠራል፣ ግን ስለሚጓጉል በስስ ጨርቅ ማጥለል ግድ ነው። ነጭ የእንጨት ኮላ አይመከርም፤ ወረቀቱን ላስቲክ ያደርገዋል።

ባለቀለም ወረቀት ከሆነ አስቀድመው ጥጉን በረጠበ ጣት ይንኩት። ቀለሙ ጣትዎን ከነካው ሌላ ወረቀት ይፈልጉ።

ቀጥሎ ንጹሕ መስታወት ላይ የቀዘቀዘውን ስታርች በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሉኩን ከአንድ ጠርዝ ጀምረው ቀስ ብለው ያስተኙት፤ ከዚያ ብሩሹን አጋድመው ከመሃል ወደ ዳር ይጥረጉ። የረጠበ ስስ ወረቀት እንደ እርጥብ ሶፍት ስለሆነ ፈጽሞ አያንሱት፣ አይጎትቱት። ትናንሽ ሽብሽቦች ሲደርቅ ራሳቸው ይወጠራሉ፤ የአየር ኪሱን ግን አሁኑኑ ወደ ዳር ይግፉት፣ ያለበለዚያ እዚያ ላይ ሳይያዝ ይቀራል። ጠንከር ያለና ሁለት ገጹ የተለያየ ቀለም ያለው ሲፈለግ ስታርቹን ወደ ሁለት ማንኪያ ከፍ አድርገው ሁለተኛ ሉክ ይደርቡበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማድረቁ ላይ ነው። በበጋ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ደጅ ላይ ያስቀመጡት እንደሆነ ነፋሱ ዳሩን ቀድሞ ያደርቀዋል፣ ዳሩ ይላቀቃል፣ መሃሉ ይጨማደዳል፤ የኮረኮንቹ አቧራም ይለጠፍበታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይ ይቀመጥ። በክረምት አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ከሰል አጠገብ አያስጠጉት። የተረፈው ስታርች ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ሲደርቅ ምላጭ በአንዱ ጥግ ሥር አስገብተው በዝግታ ይላጡት። በደንብ የወጣ ሉክ ሲያወዛውዙት እንደ አዲስ ብር ይንኮሻኮሻል። እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ከታየ ስታርቹ ወፍሯል፤ በሚቀጥለው ውሃ ይጨምሩ። አንድ ወፍራም ቅብ ከሚሆን ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል።

ካሬውን የሚቆርጡት ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀት ሲረጥብ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ቀድሞ የተቆረጠ ካሬ ደርቆ ሲነሳ ካሬ አይሆንም።