የጭላዳ ግልገል ለምን ይገደላል? ጠባይን በዝግመተ ለውጥ ስናስረዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሲግጥ ያየ ሰው «እንዴት ያለ ሰላማዊ እንስሳ ነው» ብሎ ይመለሳል። እውነትም አብዛኛው ውሎው ሣር መንጨት ነው። ግን አንድ ወንድ ሌላውን አሸንፎ ሴቶቹን ሲወርስ፣ ከቀድሞው ወንድ የተወለዱትን ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ አለ። ለምን?

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ዘራቸው እንዳይዳከም ነው» ይላል። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ጤነኛ ግልገል መግደል ለጭላዳ ዘር ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ገዳዩን ነው። የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝም፤ ግልገሏ ሲሞት ግን ቶሎ ለመፅነስ ትደርሳለች፣ አዲሱ ወንድ ደግሞ እሱም በተራው እስኪባረር ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። የተፈጥሮ ምርጫ ለመንጋው ያሰበውን አይሸልምም። ብዙ ዘር የተካው ጠባይ ይበዛል፣ በቃ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሳራ ሃርዲ በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕንድ ውስጥ አቡ ተራራ ላይ ላንጉር የተባሉትን ጦጣዎች አጥንታ ይህን ስትል፣ «መጨናነቅ ያመጣው ብልሽት ነው» ብለው የተከራከሯት ባለሙያዎች ነበሩ።

ቀጥሎ ያለው ስህተት እንስሳው አስልቶ እንደሚያደርገው ማሰብ ነው። አያሰላም። እናቶቹን እዩ። በ2012 የወጣ የሰሜን ተራሮች ጥናት ከዓይነ ምድራቸው ሆርሞን እየለካ ሲከታተላቸው፣ አዲስ ወንድ ሲመጣ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ፅንሱ ወርዶባቸዋል። ቢወለድም የመገደል ዕድሉ ሰፊ ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም፣ ሰውነታቸው ነው ያደረገው።

ሦስተኛው፣ ተረት ፈጥሮ ማስረጃ ሳይፈልጉ መቅረት። ለየትኛውም ጠባይ ቡና እየጠጣን የሚያምር ምክንያት ልንፈጥርለት እንችላለን። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን በ1964 በሂሳብ አስቀመጠው፤ ለዘመድ የሚከፈል ዋጋ የሚያዋጣው ዘመዱ የሚያገኘው ጥቅም በዝምድናው ልክ ተባዝቶ ከዋጋው ሲበልጥ ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ክብደት ያገኘው ተመራማሪው ፖል ሸርማን ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ የምድር ሽኮኮዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ አዳኝ ሲመጣ ጮኸው የሚያስጠነቅቁት በብዛት በአቅራቢያቸው ዘመድ ያላቸው ሴቶች መሆናቸውን በ1977 ካሳየ በኋላ ነው። ከተወለዱበት ርቀው የሚሄዱት ወንዶች ብዙም አይጮኹም።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፣ ነገሩ የሚከረው እዚህ ነው። የሃርቫርዱ የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን ማኅበራዊ ጠባይን በዝግመተ ለውጥ ለማስረዳት በ1975 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ስለ እንስሳት ነበር፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ሰው ስለሆነ ግን እሳት ተነሣ። በ1978 ዋሽንግተን በተደረገ ስብሰባ ተቃዋሚዎች መድረክ ላይ ውሃ ደፉበት። ይህ ክርክር አይደለም፣ ማዋረድ ነው። በሌላ በኩል ተቺዎቹን «ዝግመተ ለውጥን የሚክዱ» ብሎ መፈረጅም ውሸት ነው፤ ሪቻርድ ሌዎንቲንና ስቲቨን ጄይ ጉልድ እዚያው ሃርቫርድ የሚያስተምሩ የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት ነበሩ። እንደ እኔ፣ በእንስሳቱ ላይ ዊልሰን በአብዛኛው ልክ ነበር፣ በሰው ላይ ግን የተቺዎቹ ጥንቃቄ፣ ማለትም የሰውን ጠባይ ቸኩሎ በዘር አለማሳበብ፣ ዛሬም ያስፈልገናል። የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውሰዱ፤ በገጠር አንዲት ሴት በአማካይ 5.2 ልጅ ስትወልድ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ የኖረች ሴት ዘረ መሏ አልተቀየረም። ትምህርቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሥራው ነው የተቀየረው።

በጣም የሚያናድደኝን ለመጨረሻ አቆየሁት። «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ጥፋትን ማጽደቅ። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ጉዳይ ለሽምግልና ቀርቦ እኔም ቁጭ ብዬ ነበር፣ አንድ አባት «ወንድ በተፈጥሮው ቁጡ ነው፣ ቻይው» አሏት። ዝም አልኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ጠባይ ለምን እንደበዛ ማወቅ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ደግሞስ የቱ ተፈጥሮ? እዚያው ሰሜን ተራሮች ከተሸነፈ በኋላ መንጋውን ሳይለቅ ቀርቶ ግልገሎቹን የሚጠብቅ ወንድ ጭላዳ አለ። ያን ቀን ይህን ባውቅ ለእኚያ አባት እነግራቸው ነበር።