ክፉ ሰው ሲወድቅ «እሰይ» ከማለት በፊት

ሕዝብ ያስለቀሰ ባለሥልጣን ታሰረ፣ ወይም የወንድሙን መሬት በሐሰት ምስክር የነጠቀ ሰው ቤቱ ተቃጠለ ሲባል፣ ወሬው ቡና ላይ በደረሰ ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ» የሚል አይጠፋም። በዚያች ቅጽበት አንደበትዎን ይግቱ፤ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 24 በጠላት ውድቀት መደሰትን ይከለክላልና።

ቀጥሎም የደረሰው ነገር በእርግጥ ፍርድ መሆኑን በምን እንዳወቁ ራስዎን ይጠይቁ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ገድሎ ሳለ፣ ጌታችን ሟቾቹ ከኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ሁሉ የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ አድማጮቹን ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው። እሳትና በሽታ ባየን ቁጥር «እግዜር ፈረደበት» ማለት፣ ብዙ ጊዜ በራሳችን ቂም ላይ የእግዚአብሔርን ማኅተም ማሳረፍ ነው።

ይሁን እንጂ ደስታ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ እስራኤል ከፈርዖን እጅ ሲወጡ የሙሴ እህት ማርያም ከበሮ አንሥታ ዘምራለች። አስቸጋሪው ነገር፣ ተበዳዩ ስላረፈ የሚመጣው ደስታና በዳዩ ስለ ተሠቃየ የሚመጣው ደስታ በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው ነው። ለመለየት እንዲህ ያድርጉ፦ ሰውየው አንዳች ሳይደርስበት ንስሐ ገብቶ የወሰደውን ሁሉ ቢመልስ ቅር ይልዎት እንደሆነ ልብዎን ይመርምሩ። ቅር የሚልዎት ከሆነ ያሉት የነነዌን መጨረሻ ለማየት ከቅል ጥላ ሥር ከተቀመጠው ከነቢዩ ዮናስ ጋር ነው፤ ጾመ ነነዌን በየዓመቱ ሦስት ቀን እየጾምን፣ ከተማይቱ በመዳኗ ነቢዩ መቆጣቱን ግን እንረሳለን።

ልጇ የተገደለባትን እናት ግን «ይቅር በይ» እያሉ አያጣድፉ፤ እንባዋንም ክሷንም በዳዊት መዝሙር ለአምላኳ ታቅርብ።

ዳዊት ራሱ፣ በጦር ሊወጋው የሞከረውና ያሳደደው ሳኦል መሞቱን ሲሰማ፣ ልብሱን ቀድዶ እስከ ማታ ጾመ፤ ወሬውም በጠላቶቹ በፍልስጥኤማውያን ከተማ፣ በአስቀሎና አደባባይ የምስራች እንዳይሆን ከለከለ። የዛሬው አደባባይ ስልካችን ስለሆነ፣ በካቴና የታሰረውን ሰው ፎቶ ለሌላ አያስተላልፉ። ሰውየው ሞቶ ጎረቤትዎ ከሆነ ለቅሶ ይድረሱ፤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ስለ ሥራው ሲወራ አይጨምሩ፣ ሲነሡም ለልጆቹ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ይውጡ።