የፍሬን ርቀትን በሥራና በካይኔቲክ ኢነርጂ ማስላት

ፍሬን የተያዘ መኪና ስንት ሜትር ተንሸራቶ እንደሚቆም ለማወቅ ፍጥንጥነቱንና ጊዜውን መከታተል አያስፈልግም፤ በአንድ አካል ላይ የተሠራው ጠቅላላ ሥራ (ኃይል በርቀት ሲባዛ) ከካይኔቲክ ኢነርጂው (በመንቀሳቀሱ ካለው ኢነርጂ) ለውጥ ጋር እኩል መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

በመጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ ሜትር በሰከንድ ይለውጡ፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል 20 ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ቀጥሎ የመጠነ ቁሱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲያባዙ፣ ለ1,200 ኪሎ ግራም መኪና 240,000 ጁል ካይኔቲክ ኢነርጂ ያገኛሉ።

ከዚያ ሥራ የሚሠራውን ኃይል ይለዩ፤ የስሌቱ ልብ ይህ ነው። ጎማዎቹ ተቆልፈው በሜዳማ አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ፣ የምድር ስበትም ሆነ መንገዱ መኪናውን ወደ ላይ የሚደግፍበት ኃይል ለጉዞው አቅጣጫ ቀጤ ነክ ስለሆኑ ሥራቸው ዜሮ ነው። የሚቀረው ሰበቃ የሚያርፈው ከጉዞው በተቃራኒ በመሆኑ ሥራው ኔጌቲቭ ነው፣ ኢነርጂውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሰበቃ ኮኢፊሸንቱን (ሰበቃው ለመኪናው ክብደት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር) 0.6፣ የስበት ፍጥንጥነትን 10 ብንወስድ ኃይሉ 0.6 × 1,200 × 10፣ ማለትም 7,200 ኒውተን ይሆናል፤ 240,000ን ለዚህ ሲያካፍሉ ርቀቱ 33 ሜትር ገደማ ይመጣል።

ቀመሩን በፊደል ቢጽፉት መጠነ ቁሱ ከሁለቱም ወገን ይጣፋል፤ ፍጥነቱ ግን በካሬ ስለሚገባ፣ በ36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ8 ሜትር ገደማ ይቆማል። ነጂው ፍሬኑን እስኪረግጥ የሚያልፈው ርቀት በዚህ ውስጥ የለም፤ በ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ሰከንድ ብቻ 20 ሜትር ትጨምራለች።